ከእናቴ ጋር ዛንዚባር፦ ጃምቢያኒ ላይ ቀኑን በምን እናሳልፈው?

የቀበናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እናቴን ይዤ ዛንዚባር ልሄድ ነው። ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም፣ ዋናም አትችልም። ጭፈራና ከቦታ ቦታ መሯሯጥ አንፈልግም። ጃምቢያኒ የሚባለው የምሥራቅ ዳርቻ መንደር ጸጥ ያለ ነው ብለውኝ ማረፊያ ይዣለሁ፤ ግን «ባሕሩ ቀን ቀን ይጠፋል» የሚል አስተያየት አንብቤ ደነገጥኩ። እውነት ነው? ዶልፊን ለማየትስ ኪዚምካዚ መሄድ ይሻላል? የፍልሰታ ጾምም ስለሚገባ ምግቧ ያሳስበኛል።

ዳሬሰላም ነዋሪ፦
እህቴ፣ ጃምቢያኒን እንዳትሰርዢው። ባሕሩ መሸሹ እውነት ነው፤ ለእናትሽ ግን ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ውኃው ሲወርድ ማዕበሉ እስከሚሰበርበት ድረስ አሸዋው ገላጣ ይሆናል። ዋና የማይችሉ ሰው በእግራቸው ባሕር መሐል ይገባሉ ማለት ነው። ከፍ ማለቱና ዝቅ ማለቱ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይፈራረቃል፤ በየቀኑም ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ አራት ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እንደደረሳችሁ የሰሞኑን የውኃ ሰዓት ማረፊያችሁን ጠይቂና የቀኑን ፕሮግራም በእሱ አውጪ። ውኃው መመለስ ሲጀምር ሩቅ አትሁኑ።

ሁለታችሁም ላስቲክ ጫማ ያዙ፤ እሾኻማው የባሕር ጃርት ይወጋል። ውኃው በወረደበት ሰዓት የመንደሩን ሴቶች ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዳንዶቹ በዘንግ ኦክቶፐስ ያድናሉ፣ ሌሎቹ ችካል ተክለው በገመድ ላይ የባሕር አረም ያለማሉ። ይህ ሥራ ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የብዙ ሴቶች የራስ ገቢ ሆኗል። አሁን ግን ውኃው እየሞቀ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተባቸው ነው። ጎረቤት መንደር ፓጄ ያለው የባሕር አረም ማዕከል ከአረሙ ሳሙና ሲሠሩ ያሳያል፤ እኔ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር መጀመሪያ እዚያ ነው የምወስደው። ገበሬ ቤት ያደጉ እናት ከሆኑ ከነዚያ ሴቶች ጋር ያለ ቋንቋ ይግባባሉ። ፎቶ ግን ሳትጠይቂ አታንሺ።

ሰዓት እንደኛው ነው የሚቆጥሩት። ጀልባ ነጂው በስዋሂሊ «አራት ሰዓት» ካለሽ የኛው የጠዋቱ አራት ነው። ሆቴል ውስጥ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ አጣሪ።

ኪዚምካዚን ተዪው። ብዙ ጀልባ ዶልፊኖቹን ከቦ ሲያሳድዳቸው ማየት ያሳዝነኛል፤ እናትሽም ለማየት ሲሉ ሞተር ጀልባ ላይ መንገላታት የለባቸውም። በምትኩ ንጋላዋ የሚባለውን ባለ ሸራ ታንኳ፣ ውኃው ሲሞላ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራዩ። ሞተር የለውም፤ ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

ከከተማ ወደ ጃምቢያኒ ስትሄዱ ጆዛኒ ጫካ መንገዳችሁ ላይ ነው፤ የዛንዚባር ቀይ ኮሎቡስ ጦጣ ከዚህ ደሴት ውጪ የለም ማለት ይቻላል። እርሻ ዳር ያሉት የማንጎ ቅጠል ይበላሉ፣ ከዚያ ከሰል ፈልገው ያኝካሉ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን መርዝ ከሰሉ ይመጥጥላቸዋል። እንዳትመግቧቸው፣ እንዳትጠጓቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ የደሴቲቱ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ከመሳፈርሽ በፊት በኦንላይን ጨርሺው። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም አትርሱ።

የጀጎል ልጅ፦
የመጨረሻዋን ሌሊት ስቶን ታውን፣ አሮጌው የከተማው ክፍል፣ እደሩ። ጠባቡ ሰፈር፣ የተቀረጹት የእንጨት በሮች፣ ሐረርን ለሚያውቅ ሰው ልብ ይነካል። ጆውስ ኮርነር የሚባለው አደባባይ ላይ አዛውንቶች ቡና እየጠጡ ባኦ ይጫወታሉ፤ የገበጣ ዘመድ ነው፣ እናትሽ ወዲያው ይገባቸዋል። በ1873 (እ.ኤ.አ.) የተዘጋው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ ካቴድራል ቆሟል። እዚያ ሳትገቡ አትመለሱ፤ ከባድ ነው፣ ግን ያስፈልጋል። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ በከተማውም በመንደሩም ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ ነው። የእናትሽ ነጠላ ይበቃል።

የቀበናዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኪዚምካዚን ሰረዝኩት። ጆዛኒ ግን ዳገት አለው? ጉልበቷን ያማታል።

ዳሬሰላም ነዋሪ፦
ሜዳ ነው። የማንግሮቩ (ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ) ክፍል ውኃ ላይ በተሠራ የእንጨት መተላለፊያ ነው የሚታየው፤ ቀስ ብለው ይሄዱበታል። ጠዋት ግቡ።

ጾመኛዋ፦
ስለ ምግቡ አትስጊ። በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል አለ፣ «ማሃራጌ ያ ናዚ» ብለሽ እዘዢ። ከሩዝ ወይም ከካሳቫ ጋር ይቀርባል። ቻፓቲ ግን አንዳንዱ ቤት በቅቤ ስለሚያሹት ጠይቂ። እኔ ሽሮና በርበሬ በትንሹ ይዤ ሄጄ የማረፊያው ወጥ ቤት በደስታ ሠሩልኝ፤ አስቀድመሽ በመልእክት ንገሪያቸው እንጂ።