አዲስ የስፌት መኪና ሲገዛ ጥራቱ በምን ይታወቃል? (ደሴ እና ኮምቦልቻ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ የጀመረችውን የልብስ ስፌት ሥልጠና ልትጨርስ አንድ ወር ቀርቷታል፤ እኔም ደሴ ቤቷ ሆና የምትሠራበት አዲስ መኪና ልገዛላት ቃል ገብቻለሁ። በፒያሳና በአራዳ ያሉትን ሱቆች ብዞር ሁሉም መኪና ያብረቀርቃል፣ ሁሉም «ኦሪጅናል ነው» ይባላል፤ ዋጋው ግን ከሱቅ ሱቅ በጣም ይለያያል። ስለ ማሽን የማያውቅ ሰው የአሠራሩን ጥራት በምን ሊለይ ይችላል? ደግሞስ ከዚሁ ልግዛ ወይስ ከመርካቶ ላስመጣ? የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትዎን በሙያዋ ለማቋቋም ማሰብዎ እጅግ ደስ ያሰኛል። ደሴ ውስጥ ልብስ በመስፋት ስተዳደር 22 ዓመት ሆኖኛል፤ ለራሴ አምስት አዳዲስ መኪናዎች ገዝቻለሁ፣ ለሌሎች ሲገዛ አብሬ ሄጄ የመረጥኳቸው ደግሞ ከዚያ ይበዛሉ። አስቀድሜ የምለምንዎ በመኪናው ላይ የተለጠፈውን ስም ብቻ አይተው እንዳይገዙ ነው። ወርቃማ ጽሑፍና ጥቁር ቀለም በቀላሉ ይቀዳል፤ በእግር ከሚረገጡት መኪናዎች ብዙዎቹ፣ የሻንጋዩ «ቢራቢሮ» የተባለው መኪና ሳይቀር፣ ሲንገር ከመቶ ዓመት በፊት ባወጣው 15 ቁጥር መኪና ንድፍ የሚሠሩ ስለሆኑ ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ልዩነቱ ያለው ሻጩ አገላብጦ በማያሳይዎ ቦታ ነው።

አያቴ ጠመንጃ ሲገዙ ስለ ሰደፉ ጌጥ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ መቀርቀሪያውን ብቻ ደጋግመው እየከፈቱና እየዘጉ ጆሮአቸውን ሰጥተው ሲያዳምጡ በልጅነቴ አይቻለሁ። የስፌት መኪናም እንዲሁ ይመረመራል። ቺንጋውን ያስወልቁና የእጅ ጎማውን በሁለት ጣት ብቻ በዝግታ ወደ ራስዎ ያዙሩት። መርፌው ወርዶ ሲነሣ ክብደቱ በመጠኑ ቢለዋወጥ ችግር የለውም፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ጠጠር እንደ ነከሰ ወፍጮ ቢገታዎ ግን ከውስጥ ያልተስተካከለ ነገር አለ ማለት ነው። ሻጩ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራበት ይላላል» ይልዎታል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ግራሶ ደሴ ብርድ ላይ ስለሚረጋ ዙሩን ሊያከብደው መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግራሶ የሚያከብደው ዙሩን ሙሉ እኩል አድርጎ እንጂ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ መርፌው የተሰካበትን ዘንግ በጣትዎ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁት፤ ቀጥ ብሎ ከመውጣትና ከመውረድ በስተቀር ሌላ እንቅስቃሴ ሊኖረው አይገባም።

ከዚያ መኪናውን ወደ ኋላ አስተኝተው ሆዱን ይዩ። የቡሎኖቹ ራስ ካቻቢቴ ያፋፋው ከሆነ አዲስ በተባለው መኪና ላይ ሌላ እጅ ገብቶበታል። ማግኔት ይዘው መሄድም ይጠቅማል፤ የ15 ቁጥሩ ዓይነት መኪና አካሉ በቅርጽ ከተቀዳ ብረት የሚሠራ ስለሆነ ማግኔት ይይዛል፣ በአሉሚኒየም ከተተካ ግን አይይዝም። አሉሚኒየም ራሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በብረት ዋጋ እንዳይሸጥልዎ ነው።

ከሁሉ የምተማመንበት ፈተና የደብተር ወረቀት ነው። ባለ መስመር ደብተር ላይ አንድ ቅጠል ይቅደዱና ክሩን ከመርፌው አውጥተው፣ ወረቀቱን ጨርቅ ከሚጫነው እግር ሥር አስገብተው፣ በእጅዎ ሳይጎትቱና ሳይገፉ በአንዱ መስመር ላይ ያስኬዱት። የስፌቱ ርዝመት መለኪያ በሚሊሜትር የተጻፈ ከሆነ 2.5 ላይ ያድርጉት፤ 40 ስፌት ወደ 10 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይገባል። ጥቂት ሚሊሜትር ቢያንስ ወይም ቢበልጥ አልጣላም፤ የማየው ቀዳዳዎቹ እኩል መራራቃቸውን ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮት ብርሃን ሲያነሡት ቀዳዳዎቹ በመስመሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰድረው መታየት አለባቸው። ሦስቱ ተጠጋግተው አራተኛው ከራቀ፣ ጨርቁን የሚገፋው ጥርስ በትክክል አልተቆረጠም ወይም አልተገጠመም። ወረቀቱ እያደር ወደ አንድ ጎን ካመለጠ ደግሞ እግሩና ጥርሱ ተመጣጥነው አልተቀመጡም። በመጨረሻም ወደ ኋላ ይመልሱት፤ መርፌው ቀድሞ በበሳቸው ቀዳዳዎች ላይ ወይም ጥግ ጥጋቸው ካረፈ ያ መኪና በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ወረቀት መርፌ ስለሚያደንዝ ከፈተናው በኋላ መርፌውን ያስቀይሩ።

አንድ ፈተና ደግሞ በኪሳራ የተማርኩት ነው። ሦስተኛውን መኪናዬን የገዛሁት ስሙንና ቀለሙን አምኜ ነበር። ጥር ላይ የሚዜዎች ልብስ ተረክቤ ስሰፋ ክሩ በየእጅ ስፋቱ እየተፈተለ ይበጠስ ጀመር። ክር ለወጥኩ፣ መርፌ ለወጥኩ፣ ውጥረቱን አላላሁ፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ኋላ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ነጭ ክር በመርፌው ማለፊያ ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱት ክሩ እንደ ጥጥ ተበጠረ። ፋብሪካው ቀዳዳውን ሲበሳ የተወው፣ ዓይን የማያየው የብረት እሾህ ነበር። የገዛሁበት ሱቅ «ተሠርቶበታል» ብሎ አልመልስም አለኝ። ስለዚህ ቀጭን ክር ይዘው ይሂዱ፤ በዚያ ቀዳዳ፣ በእግሩ ሥርና ክሩን ከታች በሚቀበለው መንጠቆ ጫፍ ላይ ሳብ ሳብ ያድርጉት። ይህን ለማድረግ የሚከለክልዎ ሻጭ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።

የጨርቁን ፈተና በአጭሩ ልግለጽ። ሻጩ በሚያቀርብልዎ ቁራጭ አይሞክሩ። አቡጀዲ፣ አራት እጥፍ ጅንስና ስስ ሻሽ ከቤትዎ ይዘው፣ የላዩን ክር ቀይ፣ የቦቢኑን (የታችኛውን) ነጭ አስደርገው ይስፉ፤ ቀዩ ከታች፣ ነጩም ከላይ መታየት የለበትም።

ስለ ቦታው፣ ከመርካቶ ማስመጣቱን አልመክርም። 400 ኪሎ ሜትር በጭነት ተንገጫግጮ የሚመጣውን መኪና አስቀድመው ሊፈትኑት አይችሉም፤ በዋጋ የሚያተርፉትም ለጭነትና ለማስተካከያ ይወጣል። እዚሁ ደሴ ሻጩ ፊት ሞክረው ይግዙ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሥራዋ እንዳይቆም በእግር የሚረገጠውን ብመርጥላት እወዳለሁ፤ ሞተር በኋላ ሊገጠምለት ይችላል።

ሌላ መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ስለ ወረቀቱ የጻፉትን እኔም ዛሬ ሞክሬ አመስግኜዎታለሁ፤ በመጨረሻው ምክርዎ ግን አልስማማም። እህታቸው ሥልጠናውን የወሰደችው በኢንዱስትሪ መኪና ከሆነ በእግር የሚረገጠው እጇን ያስርባታል። ጁኪ ዲዲኤል 8700ን የመሰለ ባለ አንድ መርፌ መኪና ቢገዙላት ይሻላል፤ ቅርጹን ብዙ የቻይና ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት ግን ስሙ ሳይሆን ፈተናው ይቅደም። በዚህ ዓይነቱ ላይ ሁለት ነገር ይጨምሩ። መኪናው ሲሠራ ዘይቱ በላይኛዋ መስታወት ውስጥ ሲረጭ መታየት አለበት፤ ካልታየ ዘይት ሳቢው አይሠራምና ሳይውል ሳያድር ይነክሳል። ሞተሩም ሰርቮ ይሁን። የድሮው ሞተር ማብሪያው እስካልጠፋ ድረስ ባይሰፋበትም እያጓራ ይዞራል፤ ሰርቮው ግን ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ስለሚዞርና ፍጥነቱ ስለሚወሰን መብራት ይቆጥባል፣ ለጀማሪም አያስደነግጥም። ለጥገናም ቢሆን እዚህ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ስላለ፣ ይህን ዓይነት መኪና የሚያውቅ እጅ አይጠፋም።

መልስ፦ እህቴ፣ እርማትሽን ተቀብያለሁ፤ በየትኛው እንደ ሠለጠነች መጠየቅ ነበረብኝ። ወንድሜ፣ እንግዲያው እህትዎን ጠይቀው ይወስኑ፤ ሲገዙም እርሷን ይዘው ይሂዱ። መርፌውንም ይለዩ፤ የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፣ የኢንዱስትሪው ድቡልቡል ነውና አንዱ በሌላው አይተካም። ደረሰኙ ላይ የመኪናው ተከታታይ ቁጥርና «በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ጉድለት ቢገኝ እንመልሳለን» የሚል ቃል በሻጩ እጅ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ሳይቀበሉ ገንዘቡን አይክፈሉ።