ዑመር ሙክታርን ሜክሲኮ የተወለደ ሰው ከተጫወተው፣ የእኛን ሰማዕታት ማን ይጫወታቸው?

የአራዳው፦
ትናንት አመሻሽ ላይ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት አራት ሆነን የጀመርነውን ክርክር እዚህ አምጥቼዋለሁ፤ እዚያማ አስተናጋጁ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ መደርደር እስኪጀምር ድረስ አልተስማማንም። ጥያቄው እንዲህ ነው። ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋ ትልቅ ፊልም ይሠራ ቢባልና ገንዘብ አውጪው «ዋናውን ሚና ዓለም ለሚያውቀው የውጭ አገር ተዋናይ ካልሰጣችሁ አንዲት ሳንቲም አላወጣም» ብሎ ድርቅ ቢል፣ እሺ እንበለው ወይስ ይቅርብን?

እኔ እሺ ባይ ነኝ። ምክንያቴም አንድ ሰው ነው፤ የሆሊውዱ ተዋናይ አንቶኒ ኩዊን። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበረ። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ ጣሊያንን የተዋጋውን የሊቢያ ጀግና ዑመር ሙክታርን ያየነው በእሱ ፊት ነው። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ሲሰቀል መነጽሩ ከእጁ ያመልጥና መሬት ይወድቃል፤ አንድ ትንሽ ልጅ መጥቶ ያነሳዋል። ያን ጊዜ የሚያፏጨውም፣ ቆሎ የሚቆረጥመውም ሁሉ ዝም አለ። ያሰቀለው ግራዚያኒ፣ ስድስት ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባን በደም ያጠባት ያው ግራዚያኒ መሆኑን የነገሩን ከኋላችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ትምህርት ቤት ከተማርሁት ይልቅ ያ ምሽት ነው አእምሮዬ ውስጥ የቀረው።

የዚያ ሊቢያዊ ሽማግሌ ፊት የሜክሲኮ ሰው ፊት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ኩዊን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1915 ቺዋዋ ውስጥ፣ የሜክሲኮ አብዮት በሚነድበት ጊዜ ነው። በአባቱ በኩል አየርላንድ፣ በእናቱ በኩል የአገሩ ነባር ሕዝብ ዘር አለው። በሕፃንነቱ ድንበር ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ ድሃ ሰፈር አደገ። አባቱ ገና ልጅ ሳለ ሞተበት፤ ለእንጀራ ቦክስ ሳይቀር ገጠመ። አርኪቴክት መሆን ተመኝቶ ዝነኛው ፍራንክ ሎይድ ራይት ዘንድ ቢቀርብ፣ ራይት አንደበቱ እንደሚያዝ አይቶ ምላሱን እንዲታከም መከረው። ከሕክምናው በኋላ አነጋገሩን ለማቃናት ትወና ትምህርት ገባ፤ በዚያው ቀረ። መናገር ያስቸግረው የነበረ የስደተኛ ልጅ ሁለት ኦስካር ወሰደ፤ እስከ እርጅናው ድረስ ሥዕል ሣለ፣ ቅርጽ ቀረጸ። ግሪክ ሆኖ ሲጨፍር ዓለም ግሪክ ነው ብሎ አመነው። ታዲያ እኛን የሚያስፈራን ምኑ ነው?

የቀበናው መምህር፦
ወንድሜ፣ ከታሪኩ ያወጋኸን ግማሹን ነው። የመጀመሪያውን ኦስካር ያገኘበት እ.ኤ.አ. የ1952ቱ ፊልም ስለ ማን ነበር? ስለ ኤሚሊያኖ ዛፓታ፣ ስለ ሜክሲኮ ገበሬዎች መሪ። ዛፓታን ማን ተጫወተው? ነብራስካ የተወለደው ማርሎን ብራንዶ፣ ፊቱን በሜካፕ ለውጠውለት። ቺዋዋ የተወለደው ኩዊን እዚያው ካሜራ ፊት ቆሞ የተሰጠው የወንድምየው ሚና ነው። ብራንዶ ታጭቶ ቀረ፤ ኩዊን በረዳት ተዋናይነት ሽልማቱን ወሰደ። ችሎታ እንዳልጎደለው ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ዋናውን ሚና የነፈገው ይኸው አሁን አንተ «እሺ እንበለው» የምትለው ገንዘብ አውጪ ነው።

ከዚያስ በፊት? እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ቀይ ሕንዳዊ ሁን ሲሉት ሆነ፤ ቻይናዊ፣ ፊሊፒናዊ፣ ዐረብ፣ ሽፍታ ሲሉት ሆነ። ለሆሊውድ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ ሁሉ አንድ መልክ ነበረው፤ ያንን መልክ ይህ ስደተኛ ለብዙ ዓመታት ተሸከመው። አንተ «ዓለም ግሪክ ነው ብሎ አመነው» ብለህ የምታደንቀው እኔን ያሳዝነኛል። ሁሉንም ሲጫወት የገዛ አገሩን ጀግና አላጫወቱትም።

የአራዳው፦
መምህር፣ የዛፓታውን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። የዑመር ሙክታር ፊልም እ.ኤ.አ. በ1981 ወጥቶ ጣሊያን የሠራዊታችንን ክብር ይነካል ብላ አገደችው። በቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ማንም የማያውቀው ተዋናይ ቢጫወተው ኖሮ ማን አይቶት ነው የሚያግዱት? እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠሩለት። እንዲህ ያለ አገር ጆሮ የሚሰጠው ለታወቀ ፊት ነው ብል ተሳሳትሁ?

ሰዓሊው ከስድስት ኪሎ፦
እኔ የምገባበት በሌላ በር ነው። ሁለተኛውን ኦስካር ያገኘው ሰዓሊውን ጎጋንን ሆኖ ነው፤ ስለ ሰዓሊው ቫን ጎህ በተሠራው እ.ኤ.አ. የ1956ቱ ፊልም። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ተዋናይ ሰዓሊ ሲሆን ወዲያው እለየዋለሁ፤ እንደ ማንኪያ ነው የሚይዘው። የኩዊን እጅ አይዋሽም። ጎጋንም ፈረንሳይን ጥሎ ታሂቲ የገባ ሰው ነበር፤ አገር የለቀቀ ሰዓሊ አገር የለቀቀ ሰዓሊን ተጫወተ። የገዛ ሥዕሎቹን ግን አትካቡብኝ። ቅጂያቸውን አይቻለሁ፤ ፒካሶን አብዝቶ የወደደ ሰው ሥራ ነው፤ ገበያ ያገኘውም አብዛኛው በስሙ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ከየካቲት 12 ሐውልት ብዙ ሳይርቅ በሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ። ሐረር ተወለደ፤ ጀርመን ኮሎኝ ተማረ፤ እዚህ አስተማረ፤ በደርግ ጊዜ ተሰደደና እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሞተ። ሥዕሎቹ ከጀርመን ተመልሰው ተሰቅለዋል፤ እሱ ግን እንደወጣ ቀረ። የእኛ ነው እንላለን፤ ደግሞም የእኛ ነው። የእኛ ሰው ባሕር ተሻግሮም የእኛ ከሆነ፣ ሌላው ተሻግሮ ሲመጣ ባዕድ የምናደርገው በምን ሚዛን ነው? እኔ ራሴ መልሱ የለኝም፤ ብሩሼን ሳጥብ የሚመላለስብኝ ይኼ ነው።

የጣሊያን ሰፈሯ፦
ወንዶቹ የረሳችሁት አለ። የዑመር ሙክታር ፊልም ዳይሬክተር፣ ሶሪያዊው ሙስጠፋ አቃድ፣ ከዚያ በፊት ስለ እስልምና አጀማመር በሠራው ፊልም ኩዊን የነቢዩን አጎት ሐምዛን ሆኗል። እኛ ቤት ረመዳን ሲመጣ ይታይ ነበር። አባቴ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ብቅ ሲል ተነስቶ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ጎረቤት ሁሉ ይስማ እንደማለት። ነጃሺን የተጫወተው ግን ሐበሻ አልነበረም፤ ኧርል ካሜሮን የሚባል ቤርሙዳ ተወልዶ እንግሊዝ የኖረ ተዋናይ ነው። አባቴ ይህን ሳያውቅ አረፈ፤ ቢያውቅም ድምፁን የሚቀንስ አይመስለኝም። እኔ ግን ካወቅሁ ጀምሮ ያንን ክፍል ስደርስ ትንሽ ቅር ይለኛል።

ሆኖም አቃድ አንድ ብልሃት አድርጓል። ይህንኑ የእስልምናውን ፊልም ሁለት ጊዜ ነው የቀረጸው፤ አንዱን በእንግሊዝኛ ከነኩዊን ጋር፣ ሌላውን በዐረብኛ ከዐረብ ተዋናዮች ጋር። በዐረብኛው ሐምዛን የሆነው ግብጻዊው አብደላ ጌት ነው። እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም? ለዓለም አንድ፣ ለራሳችን በአማርኛ አንድ።

የመድረክ ሰው፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ያምራል፤ ግን የአማርኛውን ማን ከፍሎ ይሠራዋል? ገንዘቡ በእንግሊዝኛው ያልቅና እኛ «ቀጣይ ዓመት» እንባላለን። ቲያትር ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጡ ሰዎች ፊልም ሲቀርጹ ለአጃቢነት ጠሩን። ከጧት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆምን። መስመር ያለውን ሚና የተጫወተው ይዘውት የመጡት ልጅ ነው፤ የአገራችንን ስም እንኳ በትክክል አልጠራውም። ለእኔ የደረሰኝ ጋቢ ለብሶ ከኋላ ማለፍ ነበር። ጋቢውም የራሴ ነው።

የአራዳው፦
ጋሼ፣ በደሉ ይገባኛል። ግን እርስዎ ያረጁበት መድረክ ራሱ በስደተኛ እጅ የተገነባ አይደለም እንዴ? የአፄውን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ ከኢየሩሳሌም ከመጡት «አርባ ልጆች» ከሚባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን ጋር የመጣው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር በምንለው ቤት ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠነ። ባዕድ ናቸው ብለን መልሰናቸው ቢሆንስ?

የመድረክ ሰው፦
ነርሲስን ከኩዊን ጋር አታምታታብኝ፤ እዚህ ላይ ነው ሁላችሁም የተሳሳታችሁት። ነርሲስ እዚህ ኖረ፣ እንጀራችንን በላ፣ ከእኛው ሙዚቀኞች ጋር ላቡን አፈሰሰ፣ ዕድሜውን እዚሁ ጨረሰ። እሱ ስደተኛ ነው፤ ስደተኛ ከከረመ ቤተኛ ይሆናል። ኩዊን በአሜሪካ ስደተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ዜግነታቸውን ወሰደ፤ እዚያ ዛፓታን መጫወት ይገባው ነበር። ለሊቢያ ግን እንግዳ ነበር፤ ቀረጻው ሲያልቅ ሻንጣውን ዘግቶ ሄደ። አዲስ አበባ አርባ ዓመት የኖረ አርመን ወይም ግሪክ ወይም የመናዊ ሰማዕት ልጫወት ቢለኝ ሜካፑን እኔው እቀባዋለሁ። ለሦስት ወር የሚመጣውን ነው እንቢ የምለው።

የቀበናው መምህር፦
ጋሼ የሚሉትን እኔም እፈርማለሁ።

የአራዳው፦
ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ፤ «ካልሰጣችሁ አላወጣም» የሚለው ይውጣ። ጥሩ ተዋናይ ተወዳድሮ ከመጣ ግን፣ እንግዳም ቢሆን፣ አሁንም አልመልሰውም። ያ መነጽር ሲወድቅ ፓስፖርቱን የጠየቀ ልጅ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

የጣሊያን ሰፈሯ፦
ሁላችሁም ስለ ሰማዕቱ ተጨቃጨቃችሁ፤ ግራዚያኒንስ ማን ይጫወተው? በዚያ ፊልም ኦሊቨር ሪድ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ እዚህ እስካሁን አንድም ሰው «ለምን ጣሊያናዊ አልሆነም» አላለም።

የመድረክ ሰው፦
እኔ እጫወተዋለሁ። ቁመቱም ኩራቱም አያንሰኝም። ጣሊያንኛዬ ግን ከጋራዥ የለቀምሁት ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ። በእሱ ተቆጥቼ ሰው ማስደንገጥ ከቻልሁ ነገ ልምምድ እንጀምር።