ዘፈንም ትወናም አንድ ላይ ይሄዳል? የኦድራ ማክዶናልድን ነገር የሚያውቅ ካለ

የቀበሌ14ቷ፦

ሰላም ጓዶች እንዴት አመሻችሁ። እዚህ ቤት የቲያትር ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው የምጠይቀው። ባህር ዳር ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እዘፍናለሁ፣ አምና ደግሞ ከአንድ የወጣቶች ቲያትር ቡድን ጋር ልምምድ ጀመርኩ። እና ሁሉም ሰው አንዱን ያዥ ነው የሚለኝ። አዘጋጁ "አንቺ ስታወሪም የምትዘፍኝ ነው የሚመስለው" ይለኛል፣ ድምፅ የሚያሰለጥነኝ ልጅ ደግሞ "እዛ ስትጮሂ ውለሽ እኔ ጋ ድምፅሽ ተዘግቶ ነው የምትመጭው፣ ተይው ቲያትሩን" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ስለሚመስለኝ ነው ግራ የገባኝ።

ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ኦድራ ማክዶናልድ የምትባል አሜሪካዊት ስመለከት ነው የማመሸው፣ አንዱ ቪዲዮ ላይ እንደ ኦፔራ ዘፋኝ ታስነካዋለች፣ ሌላው ላይ አንዲት ዜማ የለም ዝም ብላ እያወራች ሰው ታስለቅሳለች። 6 ቶኒ አላት ይላሉ፣ ትልቁን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ማለቴ ነው። የሽልማቱን ዝርዝር አይቸዋለሁ፣ እሱን አይደለም የምፈልገው። እንዴት ነው የጀመረችው፣ ሁለቱን እንዴት ይዛ ቀጠለች፣ አንዱን ምረጭ የሚላት አልነበረም ወይ፣ ደግሞ እዛ አገር መድረክ ብቻ እየሰሩ መኖር ይቻላል ወይ? ዘርዘር አድርጋችሁ ፃፉልኝ ረጅም ቢሆንም አነባለሁ።

የሽምብጥ ልጅ ከሜሪላንድ፦

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ፣ ስለዚች ሴትዮ ሲነሳ እኔ ዝም ማለት አልችልም። የሽምብጥ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ 2014 (ሁሉንም በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው) ኒውዮርክ ድረስ በአውቶብስ ሄጄ መድረክ ላይ አይቻታለሁ፣ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

የተወለደችው በ1970 ምዕራብ በርሊን ነው፣ አባቷ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ስለነበሩ። ያደገችው ግን ካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ነው፣ ፍሬዝኖ የእርሻ ከተማ ነው እንጅ ለቲያትር ብሎ ሰው የሚሄድበት አይደለም። ልጅ እያለች አንድ ቦታ አትቀመጥም ነበር፣ ሃይፐራክቲቭ ናት ሲባል ወላጆቿ መድኃኒቱን ትተው ቲያትር ውስጥ ከተቷት። የገባችበት ደግሞ እራት እየተበላ ቲያትር የሚታይበት ቤት ነው፣ የኛን የባህል ምሽት ቤቶች አስቢያቸው፣ ክትፎው እየቀረበ እስክስታው የሚወርድበት። ሹካው እየተንኳኳ፣ አስተናጋጁ መሀል ለመሀል እያለፈ፣ ያንን ሁሉ ሰው ወደራስሽ ማዞር አለብሽ። እኔ እንደሚመስለኝ በኋላ ከገባችበት ጁሊያርድ ከሚባለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት በላይ ያስተማራት ይሄ ነው።

ከዛ ኒውዮርክ ጁሊያርድ ገባች፣ ግን የገባችው ክላሲካል ድምፅ ነው፣ ያው ኦፔራ ማለት ነው። ልቧ ያለው ብሮድዌይ (የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች)፣ ትምህርቱ ደግሞ የሚወስዳት ወደሌላ። በጣም ተጨነቀች፣ መሀል ላይ አቋርጣ ዘ ሲክሬት ጋርደን የሚባል ሙዚቃዊ ድራማ ውስጥ ሰራች፣ ከዛ ተመልሳ በ1993 ጨረሰች። ስለዚህ "አንዱን ምረጭ የሚላት አልነበረም ወይ" ላልሽው፣ የተማረችው ትምህርት ራሱ አንዱን ምረጭ የሚል ነበር።

በ1994 ካሩሰል የሚባል ሙዚቃዊ መጣ። ኦዲሽኑ (ምልመላው) ላይ እየዘፈነች ራሷን ስታ ወደቀች፣ ይሄንን ራሷ ናት የምታወራው። ሆኖም ወሰዷት። ካሪ የምትባለዋን ነው የሰራችው፣ ከዛ በፊት ነጭ ተዋናይት ናት የምትሰራው ተብሎ የሚታሰብ ቦታ ነው፣ በሱ የመጀመሪያዋን ቶኒ በ23 ዓመቷ ወሰደች።

አሁን ቀጥሎ ያለውን ልብ በይልኝ። በካሩሰል ሰው ካወቃት በኋላ ያስሸለማት ስራ ሙዚቃዊ አይደለም፣ ማስተር ክላስ የሚባል ቲያትር ነው፣ ማሪያ ካላስ የምትባለዋ ትልቅ የኦፔራ ዘፋኝ ተማሪዎች ስታስተምር የሚያሳይ። ኦድራ ከተማሪዎቹ አንዷ ናት፣ ዋናዋ አይደለችም፣ ግን እዛው መድረክ ላይ የቨርዲን ኦፔራ የምር መዝፈን አለባት። ያ ጁሊያርድ እያለች ያስጨነቃት ትምህርት ነው እንግዲህ በ1996 ሁለተኛውን ቶኒ ያመጣላት! ሶስተኛው በ1998 ራግታይም የሚባል ሙዚቃዊ፣ ገና 28 እንኳ አልሞላትም። ከዛ 2004 ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን፣ የሎሬን ሃንስቤሪ ቲያትር፣ እዛ ላይ ዘፋኝነቷ ምንም አያድናትም፣ ድህነት ያደከማት ሚስት ሆና ነው የምትሰራው፣ ባሏ ደግሞ ራፐሩ ፒ ዲዲ ነው፣ አዎ እሱ ራሱ። አራተኛ። አምስተኛው በ2012 ፖርጊ ኤንድ ቤስ የሚባል ሙዚቃዊ ላይ ቤስን ሆና።

ስድስተኛው ነው እኔ ያየሁት። የጃዝ ዘፋኟን ቢሊ ሆሊደይን ሆና ነው፣ ልትሞት ትንሽ ሲቀራት አንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ስትዘፍን፣ ስትጠጣ፣ ስታወራ፣ ወሬው ቀስ በቀስ እየተበላሸባት ሲሄድ። ተመልካቹ መድረኩን ከብቦ የሚቀመጥበት ቤት ነው፣ ጭራሽ ለዚህ ስራ ብለው ጠረጴዛ መሀል አስገብተው ሰው አስቀምጠዋል። የራሷ ድምፅ ከፍ ያለ ሶፕራኖ (ቀጭኑ የሴት ድምፅ) ነው እኮ፣ ያን ቀን የሰማሁት ግን ሻካራ፣ ቃሉን ወደኋላ ጎተት እያደረገ የሚጥል የሌላ ሰው ድምፅ ነው። አጠገቤ የነበረች አሮጊት ፈረንጅ እንባዋን መጥረግ ትታው ነበር። ያን ሁሉ ዘፈን ይዞ ግን የተመዘገበው በቲያትር ነው፣ ስለዚህ በቲያትር ዋና ተዋናይት ሆና አሸነፈች። እንግዲህ በሙዚቃዊ ረዳት ተዋናይት፣ በቲያትር ረዳት፣ በሙዚቃዊ ዋና፣ በቲያትር ዋና፣ አራቱንም የወሰደ ሰው ከሷ ሌላ የለም። የዛ ቲያትር ቪዲዮ በ2016 ኤችቢኦ ላይ ወጥቷል፣ ካገኘሽው ሳታይው እንዳታድሪ።

ፖሊ ግቢ፦

ወንድሜ አፃፃፍህ ደስ ይላል ግን ልጅቱን ባታስጎመጃት ጥሩ ነው። እሷ ያላት ነገር እኛ ጋ የለም ብዬ ነው። ብሮድዌይ ማለት ማንሃተን ውስጥ ያሉ 41 ቲያትር ቤቶች ናቸው፣ አንድ ስራ በሳምንት 8 ጊዜ ይታያል፣ ረቡዕና ቅዳሜ ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ። አክተርስ ኢኩዊቲ የሚባል ማህበር አላቸው ከ1913 ጀምሮ ያለ፣ ዝቅተኛ ክፍያው፣ የልምምድ ሰዓቱ፣ ሁሉም በውል ነው። ዋናዋ ብትታመም የሷን ቦታ አጥንታ የምትጠብቅ አንደርስተዲ አለች። እዚህ ማን ነው አንድን ቲያትር በሳምንት 8 ጊዜ የሚያይልሽ? አንድ ቅዳሜ አሳይተሽ ለሚቀጥለው ሁለት ወር አዳራሽ ስትለምኝ ነው የምትከርሚው።

ደግሞ እዛም ቢሆን ሁሉም አልጋ በአልጋ አይደለም። ስራው ከተዘጋ ውሉም አብሮ ያልቃል፣ ብዙዎቹ በመሀል ምግብ ቤት እያስተናገዱ ነው ኦዲሽን የሚዞሩት። ኦድራ ራሷ 1999 ማሪ ክሪስቲን የሚባል ለሷ ተብሎ የተፃፈ ሙዚቃዊ ሰርታ በሳምንታት ውስጥ ተዘግቷል። 3 ቶኒ ይዛ ነው ታዲያ ያ የሆነው። በ2016 ደግሞ ሸፍል አሎንግ ላይ እየሰራች አርግዛ ለወሊድ ልትወጣ ስትል አዘጋጆቹ ያለሷ ትኬት አይሸጥም ብለው ስራውን ራሱ ዘጉት። ከ2007 እስከ 2011 ደግሞ ፕራይቬት ፕራክቲስ የሚባል የቲቪ ድራማ ላይ ነበረች፣ ቲያትር ስለጠላች አይመስለኝም፣ ቲቪ ይከፍላል። መድረክ ብቻ ሰርቶ ይኖራል ወይ ላልሽው መልሱ እሱ ነው፣ 6 ቶኒ ያላትም ቲቪ ትሰራለች።

የቀበሌ14ቷ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፖሊ፣ ገንዘቡን ተወው እሱን አውቀዋለሁ ሃሃ። የሽምብጥ ልጅ፣ ማስተር ክላስ ያልከው ነገር ውስጤ ገባ። እኔን ግን አሁን ያስጨነቀኝ ድምፁ ነው፣ በሳምንት 8 ጊዜ እንዴት ነው ድምፅ የሚተርፈው? እኔ ለሁለት ቀን ልምምድ አድርጌ ሶስተኛው ቀን አፌን መክፈት ያቅተኛል።

የዱሮው ኪነት፦

ልጄ እኔ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ የነበርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይሄ "ዘፋኝ ነሽ ወይስ ተዋናይ" የሚባል ጥያቄ በኛ ጊዜ ቢመጣ ይሳቅበት ነበር። አንድ ምሽት ላይ ያው አንዱ ልጅ ይዘፍናል፣ ልብስ ቀይሮ እስክስታ ይወርዳል፣ ከዛ አጭር ድራማ ላይ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል፣ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? አዝማሪውስ ቢሆን፣ ይዘፍናል፣ ግጥም እዛው ይፈጥራል፣ የገባውን እንግዳ አካሄድ እያስመሰለ ያስቃል፣ ገንዘቡንም በመሀል ይሰበስባል። ዮፍታሔ ንጉሤም የዚሁ የጎጃም ሰው ናቸው፣ የደብረ ኤልያስ፣ ቅኔውን ተምረው ነው ቲያትር የፃፉት፣ ቲያትራቸው ውስጥም መዝሙርና ዜማ አለበት። አንዱን ያዥ የሚሉሽ ሰዎች ከየት እንዳመጡት እንጃ። ጊዜ ካለሽ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ሄደሽ የባህል ቡድኑ ልምምድ ሲያደርግ ማየት የሚቻል ከሆነ እይ፣ ትንፋሻቸውን እይ፣ እየጨፈሩ እንዴት እንደሚዘፍኑ።

ድምፅሽን በሚመለከት ግን አሰልጣኝሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እየጮህሽ ነው። እኛም ማይክ ስላልነበረን እንጮህ ነበር፣ ከኛ ውስጥ ሁለት ሶስት ሰው ድምፁ እስከዛሬ አልተመለሰለትም። ፈረንጆቹ ትንሿን ማይክ ፀጉር ውስጥ ይደብቋታል፣ አዳራሹ ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነው፣ ጉሮሯቸው አይደለም። እናንተ ማይክ ከሌላችሁ አዘጋጃችሁ ወደ ተመልካቹ ፊታችሁን እንድትሰጡ አድርጎ ያቁማችሁ እንጅ ድምፅ ጨምሩ ብቻ አይበል። ሌላው፣ ጣና ዳር ሄደው የሚለማመዱ ልጆች አያለሁ፣ ማንጎ መናፈሻ አካባቢ። ጠዋት ይሁን እሽ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ጀልበኞቹ እንኳ ከዘጌ ቶሎ ለመመለስ ነው የሚጣደፉት፣ አንቺ በዛ ንፋስ ላይ ልጩህ ካልሽ ሳምንት ሙሉ ሞቅ ያለ ውኃ ስትጠጭ ነው የምትሰነብችው።

የግዮን ሰው፦

ጋሼ ትክክል ብለዋል። በነገራችን ላይ ሴትዮዋ ባለፈው ጂፕሲ በሚባለው ሙዚቃዊ ሰባተኛውን ቶኒ ወስዳ የለ? 6 ነው የምትሉት ግን።

የሽምብጥ ልጅ ከሜሪላንድ፦

አልወሰደችም። ጂፕሲ በ2024 ታኅሣሥ ላይ ተከፍቶ በ2025 ነሐሴ ተዘጋ፣ ብሮድዌይ ላይ ሮዝ የምትባለዋን እናት የሰራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ለቶኒ ታጭታ ነበር፣ 11ኛዋ እጩነት ነው፣ ከተዋናይ ማንም ያንን ያህል ታጭቶ አያውቅም፣ ግን ኒኮል ሸርዚንገር ወሰደችው።

እንዲያውም ጥሩ አነሳህ፣ ምክንያቱም የእህታችን ጥያቄ እዛ ላይ በደንብ ይታያል። ሮዝ የምትባለው ገፀ ባህሪ ደረቷን ከፍታ እንደ ጡሩምባ የምታስጮህ ሴት ናት፣ ከዱሮ ጀምሮ ሰው የለመደው እንደዛ ነው። ኦድራ ደግሞ ሶፕራኖ። አንዳንዱ ሃያሲ ድምፁ ለዚህ አይሆንም አለ፣ ሌላው ደግሞ እንደዚህ አይነት ሮዝ አይቼ አላውቅም አለ፣ ዩቲዩብ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ። እኔ እንኳን መጀመሪያ አካባቢ ካሉት ዘፈኖች አንዳንዱ ላይ ለጆሮዬ ቀጭን ሆኖብኛል፣ ግን 2025 የቶኒ ምሽት ላይ የመጨረሻውን ዘፈን ስትሰራው ዘፈን መሆኑን ራሱ ረሳሁት፣ ዜማውን ለማሳመር አንዲት ሰከንድ አልቆመችም፣ የተናደደች እናት ናት የምታወራው። በ54 ዓመቷ፣ ያንን ሁሉ ሽልማት ይዛ፣ አሁንም "ድምፅሽ ለዚህ አይሆንም" ተብላለች። የአዘጋጅሽን ነገር ከዚህ አንፃር እይው። "ስታወሪ የምትዘፍኝ ይመስላል" ያለሽ መዝፈንሽን ጠልቶት አይመስለኝም፣ ቃሉን ትተሽ ዜማውን ስለምትሰሚ ነው።

የቀበሌ14ቷ፦

ኧረ ይሄማ እውነት ነው መሰለኝ። በሚቀጥለው ወር የአዲሱ ስራ ምልመላ አለ፣ አንድ ዘፈንና አንድ አጭር ንግግር አምጡ ተብለናል። ምን ልዘጋጅ? ከፍ የሚል ዘፈን ይዤ ልሂድ እያልኩ ነበር።

የሽምብጥ ልጅ ከሜሪላንድ፦

ከፍ የሚለውን ተይው፣ ድምፅሽ እንዳለ ያውቃሉ። አንድ ሰው ላይ የሚወራ ዘፈን ምረጭ፣ ማለት እናት፣ ፍቅረኛ፣ የከዳሽ ጓደኛ፣ ፊትሽ የቆመ ሰው ያለው። ትዝታ ቅኝት ከሆነ ደግሞ ዜማው ራሱ ስለሚጎትትሽ ተጠንቀቂ። መጀመሪያ ሶስት አራት ቀን ግጥሙን ሳትዘፍኝ አውሪው፣ ለእህትሽ ወይ ለጓደኛሽ፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ "ምን ሆነሽ ነው?" ብለው እስኪጠይቁሽ ድረስ። ከዛ በኋላ ነው ዜማውን የምትመልሽበት። ንግግሩን ደግሞ ከዘፈኑ የተለየ ስሜት ያለው አድርጊው፣ ዘፈኑ ሀዘን ከሆነ ንግግሩ የሚያስቅ ይሁን፣ ሁለቱም ላይ አታልቅሽባቸው በናትሽ።

የዱሮው ኪነት፦

ንግግሩን ቁመሽ ብቻ አትለማመጅ ልጄ። እየጠረግሽ፣ እንጀራ እየጋገርሽ በይው። እጅሽ ስራ ላይ ሆኖ ካልጠፋብሽ መድረክ ላይም አይጠፋብሽም።

ፖሊ ግቢ፦

እኔ ስለ ገንዘቡ ያልኩት እንዳለ ነው ሃሃ። ግን ምልመላው ለሰው ክፍት ከሆነ ቀኑንና ቦታውን እዚህ ለጥፊው፣ ጓደኛዬ ጊታር ይጫወታል፣ በስልክ ካራኦኬ ከምትዘፍኝ እሱ ቢያጅብሽ ይሻላል።

የቀበሌ14ቷ፦

ክፍት ነው፣ ቀኑ ሲረጋገጥ እለጥፈዋለሁ። ጊታሪስቱ ከሰኞ በፊት ቢደውልልኝ ደስ ይለኛል፣ የዘፈኑን ቁልፍ ትንሽ ዝቅ ማድረግ አለብን፣ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሃለሁ።