«ግድግዳውን ላሱ አላልኩም»፦ በደሴ አሮጌ ቤቶች ላይ ላለው እርሳስ ያለበት ቀለም ተጠያቂው ማን ነው?

የሆጤ ተከራይ፦ ባለፈው እሑድ በዕድራችን ስብሰባ በአሮጌ ቤቶች በርና መስኮት ላይ ስላለው እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ሲነሣ፣ ሦስት ግቢ የሚያከራዩ አንድ አባት «እኔ ቤት አከራየሁ እንጂ ግድግዳውን ላሱ አላልኩም» ብለው ተቀመጡ። የተሰብሳቢው ሳቅ ከንግግሩ ይልቅ አሳዘነኝ። የሦስት ዓመት ልጄ ከምትጫወትበት መስኮት ሥር በየጠዋቱ የተቀረፈ ቀለም እጠርጋለሁ። ቤቱ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ምን ምን እንደተቀባ ሊያውቅ የሚችለው አከራዩ ነው። ታዲያ ኃላፊነቱ የማን ነው?

አከራይ ከአራዳ፦ አነጋገራቸው ቢከፋም ሐሳባቸው ትክክል ነው። ቤቱን ከአባቴ ወረስኩት እንጂ እኔ አልቀባሁትም፤ ያን ጊዜ ቀለሙ በየሱቁ በግልጽ ይሸጥ ነበር። በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ገና ለገበያ የሚቀርብን ቀለም ለመቆጣጠር በወጣ ደንብ አባቴ ያስቀባውን ግድግዳ ልትጠይቁኝ አይገባም። እኛም በዚያው ቤት አድገናል፤ ልጆቻችንም ትምህርት ቤት እርሳስ ሲያኝኩ ነው የኖሩት። ማን ሞተ?

ነርስ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ወንድሜ፣ የመጻፊያ እርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ ከብረቱ እርሳስ ጋር ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም። «ማን ሞተ» ብሎ መጠየቅም ጉዳቱን አያሳይም፤ ምክንያቱም እርሳስ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የሕፃኑን አንጎል ነው፤ ልጁ በሕይወት አለ፣ ትምህርት ግን አልገባው ይላል፣ እኛም ሰነፍ እንለዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ ትንንሽ ልጆች ወደ ሰውነታቸው ከገባው እርሳስ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ያስቀራሉ። «ላሱ አላልኩም» ላሉት አባት ደግሞ፣ ማንም ግድግዳ አይልስም። መስኮቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለም ከቀለም ይፋተጋል፣ አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፣ የሚድኸው ሕፃንም በዚያው እጁ ጣቱን ይጠባል።

ቀለም ቀቢ፦ ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ ብዙ ቤት ቀብቻለሁ፤ ከሁሉ የሚከፋው የሥራው ቀን ነው። በዓል ሲደርስ አከራዩ ይጠራኝና «ፍቀህ በሁለት ቀን አስረክበኝ» ይለኛል። ከቆየ የብረት በር ሥር ቀዩ አንቲረስት፣ ማለት የዝገት መከላከያው ቀለም፣ ይወጣል፤ እርሱና ደማቁ ቢጫ ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚገባባቸው ነበሩ። በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው ቤቱ ጉም ይመስላል፣ ተከራዩም ከነልጆቹ እዚያው ይውላል። ማታ በዚያው ልብስ ገብቼ የራሴን ልጆች አቅፋለሁ። እስካሁን ከጻፋችሁት አንዳችሁም ስለ ሠራተኛው አላነሣችሁም።

የደሴ ልጅ ከሜሪላንድ፦ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበት ቀለም የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ ቀለሙ የሚያውቀውን ውል ከመፈረሙ በፊት ለተከራዩ መንገር አለበት። እኔም እዚህ ቤት ስከራይ ወረቀቱን አንብቤ ፈርሜያለሁ።

አከራይ ከአራዳ፦ ይኸው ሕግ ቀለሙን ፍቀህ አስወግድ ይላል?

የደሴ ልጅ ከሜሪላንድ፦ አይልም፤ ግዴታው ማሳወቅ ነው። እኔ ያለሁበት ግዛት ግን ከዚያ አልፎ አከራዩ ቤቱን እንዲያስመዘግብ፣ ተከራይ ሲለወጥም እንዲያስመረምር ያስገድዳል።

አከራይ ከአራዳ፦ እንግዲህ አሜሪካ እንኳ በአገር ደረጃ ያላስገደደችውን እኔ ከደሴ የቤት ኪራይ ላይ ላወጣ ነው?

የሆጤ ተከራይ፦ ጋሼ፣ ፍቀው ያስወግዱ ያለ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ የተከራየውን ነገር በደህና ይዞታ እንዲጠብቅ ያዛል። በየክረምቱ ከእርጥበቱ የተነሣ የሚላጥ መስኮት በደህና ይዞታ ላይ ነው ይሉኛል? የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ የሚያውቁትን ይንገሩን፣ የተላጠውንም ልጆች በሌሉበት ያሠሩልን።

የቀበሌ ቤት ነዋሪ፦ ሁላችሁም አከራዩ በዓይን የሚታይ ሰው እንደሆነ አድርጋችሁ ትከራከራላችሁ። የእኔ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰ ነው፤ ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች ስለነበረ ለቀበሌ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ቀለም የገዛነውም የፋቅነውም እኛ ነን፤ እናቴ በስፓቱላ ስትፍቅ ቁርጥራጩን የምሰበስብላት እኔ ነበርኩ። ባለቤቱ መንግሥት ሲሆን ማንን ዕድር ላይ አስጠርቼ ልጠይቅ?

አከራይ ከአራዳ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ መንግሥት በራሱ ቤቶች ይጀምርና እኛ እንከተላለን።

ነርስ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ መንግሥት እስኪጀምር የሚድኸው ልጅ መዳኹን አያቆምም። ያልተላጠውን አትንኩት፤ የተላጠውን ውሃ እየረጩ መፋቅ፣ ወለሉን ሳይጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ አዋጅ አይጠብቅም።

ቀለም ቀቢ፦ እህቴ፣ ውሃ እየረጨሁ፣ ፕላስቲክ አንጥፌ ስሠራ የሁለት ቀኑ ሥራ ሦስት ቀን ይሆናል። የሦስተኛውን ቀን ማን ይክፈለኝ?

አከራይ ከአራዳ፦ ተከራዩ ይካፈል።

የሆጤ ተከራይ፦ በስብሰባው «ላሱ አላልኩም» ያሉት አባት እንኳ ተካፈሉ አላሉንም። ሦስተኛውን ቀን እርስዎ ይክፈሉ፤ ልጆቹን ይዤ እናቴ ዘንድ የምሰነብትበትን እኔ እችላለሁ።