በፈረንሳይ የወይን አገር በባርጅ ጀልባ መጓዝ፦ ለወላጆቻችን የትኛው ቦይ ይስማማል?

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። ወላጆቻችን በመጪው ዓመት የጋብቻቸውን 50ኛ ዓመት ያከብራሉ። አምስት ልጆች ስንሆን ሁለታችን እዚሁ ሐዋሳ፣ ሦስቱ በውጭ አገር እንኖራለን፤ ድግሱን በቅርብ ቤተ ዘመድ ወስነን፣ ለድንኳንና ለሰንጋ የምናወጣውን ገንዘብ ወንድሞቻችን ከሚጨምሩበት ጋር አድርገን፣ ሁለቱ ብቻ አርፈው ለሚጓዙበት ነገር ልናውለው ተስማምተናል። ታላቅ ወንድማችን ያቀረበው ሐሳብ በፈረንሳይ የወይን አገር በባርጅ፣ ማለትም ድሮ ጭነት ያመላልስ በነበረና ዛሬ እንደ ትንሽ ሆቴል በተሠራ ረጅም ጀልባ፣ በቦይ ላይ ስድስት ሌሊት መጓዝ ነው።

አባታችን በእርሻ ኮሌጅ የአፈር ትምህርት ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ናቸው፤ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ላይ ያወጡትን የወይን ሐረግ ዛሬም ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም፣ በገዛ እጃቸው ይገርዛሉ። እናታችን መጠጥ እምብዛም አይወዱም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጾምም አይገድፉም፤ የሚወዱት ማምሻውን ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ጀልባዎቹ ሲመለሱ ማየት ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው፦ ጀልባው በእርግጥ በወይን እርሻዎች መካከል ያልፋል? ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሣው ከቡርጎኝ ቦይና በደቡብ ካለው ካናል ዱ ሚዲ የትኛው ይሻላቸዋል? እንደ እናታችን ያለ ሰውስ ሳምንቱን ሳይቸገር ይዘልቀዋል?

ከአዳማ እስከ ዲጆን

እንኳን ለዚህ አደረሳችሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ሲሆን ላለፉት 11 ዓመታት የምኖረው በዲጆን ነው፤ የቡርጎኝ ቦይ በከተማችን ስለሚያልፍ ዳር ዳሩን በብስክሌት እመላለስበታለሁ፣ የባለቤቴ ወላጆች ሊጠይቁን በመጡ ጊዜም አብሬአቸው በባርጅ አንድ ሳምንት ተጉዣለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጀልባው በወይን እርሻ መካከል ያልፋል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ፣ በቡርጎኝ በአብዛኛው አያልፍም። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው በማስታወቂያው ሥዕል ተማርከው የሚመጡ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ቅር ሲላቸው ስላየሁ ነው። ቦዩ ከሚዠን ተነሥቶ ሳኦን ወንዝ ዳር እስካለችው ሴን ዣን ደ ሎን ድረስ 242 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከግራና ከቀኝ የሚበዛው ነጫጭ ከብት የተሰማራበት መስክ፣ ደን፣ የድንጋይ ቤት ያላቸው ትንንሽ መንደሮችና፣ ቫንደነስ አጠገብ ሲደርሱ ኮረብታ ላይ ጉብ ብሎ የሚታየው የሻቶኔፍ ግንብ ነው። ዝነኞቹ የወይን እርሻዎች ያሉት ከዲጆን ወደ ደቡብ በሚዘረጋው፣ ኮት ዶር በሚባለው ጠባብ ተዳፋት ላይ በመሆኑ ጀልባው ቆሞ ሳለ ተጓዦች በሚኒባስ ወደዚያ ይወሰዳሉ።

ይሁንና ለአባትዎ የምመርጠው ቡርጎኝን ነው፤ ምክንያቱም አፈር ሲያስተምር የኖረ ሰው ያንን ተዳፋት ቆሞ ቢያየው የሚያገኘው ደስታ ከጠጅ ቀማሹ ይበልጣል። በዚህ አገር የወይን ጠጁ ስም የሚወጣለት ከበቀለበት ቁራጭ መሬት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ክሊማ ይባላል፤ በ2015 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው ቁጥራቸው 1,247 ነበር። ቀዩ ፒኖ ኗር፣ ነጩ ሻርዶኔ ከሚባል ዘር ሆኖ ሳለ፣ ከተዳፋቱ ወገብ የተለቀመውና ከግርጌው የተለቀመው በዋጋም በጣዕምም የሚራራቁት የኖራ ድንጋዩ ጥልቀት፣ የሸክላው መጠንና ውኃው የሚንጠፈጠፍበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ክሎ ደ ቩዦ የሚባለውንም ይጠይቁላቸው፤ በመካከለኛው ዘመን የሲቶ ገዳም መነኮሳት ያለሙት፣ በድንጋይ አጥር የተከበበ 50 ሄክታር ያህል መሬት ሲሆን ዛሬ ከ80 የማያንሱ ባለቤቶች አሉት። የፈረንሳይ ሕግ ርስትን ለልጆች እኩል ስለሚያካፍል አንዳንዱ የቀረው ጥቂት መስመር ተክል ብቻ ነው፤ በአገራችን ደጋ መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲሸነሸን ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

የጀልባው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ቦዩ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 378 ሜትር ስለሚወጣ፣ ፈረንሳዮች ኤክሉዝ የሚሏቸው 189 የውኃ በሮች አሉበት። ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ይገባል፣ የኋላው ይዘጋል፣ ከላይ ውኃ ሲለቀቅ ጀልባው ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ከዚያም የፊቱ ይከፈታል። ጉዞው በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ የፈለገ ሰው ከአንዱ በር ወርዶ፣ ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው የዳር መንገድ በእግሩ እየሄደ፣ በሚቀጥለው በር ላይ ይሳፈራል። በሌሊት ጀልባው ታስሮ ስለሚያድር እንቅልፍ የሚነሣ ነገር የለም። በጀልባዋ ላይ 12 ተጓዦች ነበርን፤ ካፒቴኑ፣ ምግብ አብሳዩ፣ አስጎብኚውና አስተናጋጆቹ በሁለተኛው ቀን የሁላችንንም ስም ያውቁ ነበር። ለእናትዎ ይህ ከሁሉም የሚስማማቸው ይመስለኛል፤ ሐይቅ ዳር መቀመጥ የሚወድ ሰው እዚህ ዳርቻው ራሱ በፊቱ እያለፈ ያያል።

ቱሉዝ የተማረው

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂዋ በመጀመሪያ የጠየቁት በወይን እርሻ መካከል ስለማለፍ ከሆነ ካናል ዱ ሚዲ እንዲህ ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባውም። ከካርካሶን ወደ ቤዚዬ ሲወረድ የወይኑ መስመር በብዙ ቦታ እስከ ቦዩ ዳር ይመጣል፣ መኪና ሳያስፈልግ ከጀልባው ወንበር ላይ ይታያል። ከአርዠን እስከ ፎንሴራን ደግሞ 54 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም የውኃ በር የለም፤ በበሮቹ መዘጋትና መከፈት ለሚሰለች ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ቦዩን የሠራው ፒዬር ፖል ሪኬ በ1666 ጀምሮ፣ በ1681 ከመመረቁ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በ1680 ሞተ፤ ዩኔስኮ በ1996 መዝግቦታል። በዳርቻው የተሰለፉት ትልልቅ የፕላታን ዛፎች በፈንገስ በሽታ ምክንያት በብዛት ስለተቆረጡ ጥላው እንደ ድሮው አይደለም፣ በሐምሌና በነሐሴም ሙቀቱ ይከብዳል።

ከአዳማ እስከ ዲጆን

ትክክል ብለዋል፤ የዳር እይታ ብቻ ከሆነ ሚዲ ይበልጣል። እኔ ያዘነበልኩት ወደ አባትየው ሙያ ነው።

የባቱ መስኖ ባለሙያ

እኔ ፈረንሳይን አላየሁም፤ ግን የምሠራው ወይን በሚለማበት አካባቢ ስለሆነ ስለ አባትዎ አንድ ነገር ልጨምር። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ዝዋይ ላይ የሚያዩት የካስቴል ወይን እርሻ በፈረንሳይ ኩባንያ የተቋቋመ ሲሆን ከተተከሉበት ዘሮች መካከል ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሲራ ይገኙበታል፤ ከጉዞው በፊት አባትዎ እርሱን ደግመው ቢመለከቱት ልዩነቱን በደንብ ያስተውላሉ። በቡርጎኝ ተክሉ በክረምት ብርድ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ በጸደይ ሲነቃም ውርጭ ያሰጋዋል። በእኛ ስምጥ ሸለቆ የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ ዕረፍቱን የምንሰጠው እኛው ነን፤ መቼ እንደሚገረዝና መስኖው መቼ እንደሚቀነስ መወሰን የሥራችን ዋና ነገር ነው። አባትዎ በዳሳቸው ላይ ይህንን ለዓመታት ሲያደርጉት ስለኖሩ፣ እዚያ ያለውን ገበሬ በአስተርጓሚም ቢሆን የሚጠይቁት አያጡም። አስጎብኚውን ከመቅመሻ ክፍሉ አስቀድሞ እርሻው ውስጥ እንዲያስገባቸው ከወዲሁ ጠይቁት።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ (ሐዋሳ)

የጾሙን ጉዳይ ማንም ስላላነሣው ልጻፍ። የባርጅ ጉዞ የሚካሄደው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው፤ በክረምታቸው ቦዮቹ ለጥገና ይዘጋሉ። በዚህ ወቅት ውስጥ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ለእናታችሁ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም፣ ከ50ኛ ዓመታቸው ጋር መገጣጠሙም ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በመስከረም መሄድ ከተመረጠ ግን ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ እንደሚፈልጉ ለምግብ አብሳዩ በጽሑፍ ይነገረው፤ ቅቤ የሚለውን ቃል ለይታችሁ ጻፉ፣ ፈረንሳዮች አትክልቱንም በቅቤ ያበስላሉና።

ስለ ቪዛው፦ ለሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ የጉዞ የጤና ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የጡረታ ደብተራቸውን፣ የቤት ካርታቸውንና ወጪውን የሚሸፍኑትን ልጆች ደብዳቤ አያይዙ። አጎቴ በአንድ የጉዞ ወኪል ምክር ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ክፍያ ፈጽመው ገንዘባቸው ቀርቷል፤ እባካችሁ የስረዛውን ውል ሳታነቡ ሙሉውን አትክፈሉ።

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአባታችን ሳነብላቸው ክሊማ የሚለው ጋ ሲደርስ አስቁመውኝ ደግሜ እንዳነብ አደረጉኝ፤ ስለዚህ ወደ ቡርጎኝ አዘንብለናል፣ ጊዜውም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይሆናል። የቀረኝ የእናታችን ጉልበት ነው። ጀልባው ውስጥ ደረጃ አለ?

ከአዳማ እስከ ዲጆን

አለ፤ አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባ ነበር። እነዚህ ጀልባዎች መጠናቸው የተወሰነው በውኃ በሮቹ ነው፤ በ1879 ፍሬይሲኔ የተባሉት ሚኒስትር ባወጡት ሕግ በሮቹ 39 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ5 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስፋት እንዲኖራቸው ስለተደረገ፣ ጀልባው ከዚያ በላይ ሊሰፋ አይችልም። ቀድሞ እህልና ድንጋይ ይጫንበት የነበረው ሆድ ዛሬ መኝታ ክፍል ሆኗል፤ ወደዚያ የሚወርደው ደረጃ በብዙዎቹ ላይ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። የባለቤቴ እናት በመጀመሪያው ቀን ተቸግረው ነበር፤ በኋላ ግን ጠዋት አንድ ጊዜ ወጥተው ማታ አንድ ጊዜ መውረድን ልማድ አደረጉት፣ ቀኑን ሙሉ ሳሎኑና የላይኛው ወለል አይበቃም አላሉም።

ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት ለባለ ጀልባው በጽሑፍ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ወደ ክፍሉ ስንት ደረጃ አለ፣ በሁለት በኩል የሚያዝበት ብረት አለው ወይ፣ ከሳሎኑ እኩል ወለል ላይ መጸዳጃ አለ ወይ፣ ከጀልባው ወደ ዳር የሚያሻግረው ሳንቃ ምን ያህል ያዘነብላል፣ ገላ መታጠቢያው ሲገባ የሚረገጥ ከፍታ አለው ወይ። ፎቶግራፉንም እንዲልኩላችሁ ለምኑ። የደረጃውን ፎቶግራፍ ለመላክ የሚያመነታ ባለ ጀልባ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ዲጆን ሲደርሱ ወደቡ ለቤቴ ቅርብ ነውና፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ቡና አፍልቼ እጠብቃቸዋለሁ።