የጎረቤታችን ውሻ አንገት ውስጥ ገመድ ገብቷል፣ ምን ላርግ? (ጅማ)

ጠያቂ፣ ከኮቺ
ሰላም፣ ጅማ ያላችሁም ሌላ ቦታ ሆናችሁ ስለ ውሻ ምታውቁም እባካችሁ ምከሩኝ። ከጓሯችን ጋር በቆርቆሮ አጥር ብቻ ምንለያይ ጎረቤት አለን፣ እድርም አብረን ነን፣ አባቴ ሲታመም በሌሊት ሆስፒታል ያደረሱት እሳቸው ናቸው፣ ለዛ ነው ነገሩ የከበደኝ። አምና ቡችላ አምጥተው አቮካዶው ስር በናይለን ገመድ አሰሩት፣ ከዛ ወዲህ ተፈቶ አይቼው አላውቅም። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ እላዩ ላይ ነው የወረደው፣ የኛን ሀገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጭቃው ላይ ነው ሚተኛው። ምግብ የተረፈ ሲኖር ነው ሚጣልለት፣ የውሃ ጣሳው ሁሌ ተገልብጦ ነው ማየው። ማታ ሲጮህ ታላቁ ልጃቸው ወጥቶ በጎማ ይገርፈዋል፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

ከሶስት ቀን በፊት ልብስ ላሰጣ ወጥቼ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት። ገመዱ ያው ቡችላ እያለ የታሰረበት ነው መሰለኝ፣ ሲያድግ ማንም አላላላለትም፣ አሁን ቆዳው ውስጥ ገብቷል፣ በአንድ በኩል ሰማያዊው ትንሽ ብቻ ነው ሚታየው፣ ዙሪያው ቀይ ስጋ ሆኖ ዝንብ ወሮታል፣ ሽታው እኛ ጋ ይደርሳል። ስጠራው አንገቱን ማዞር ስላልቻለ መላ ሰውነቱን አዙሮ አየኝና ጅራቱን ወዘወዘ። ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እናቴ ተይ ከሰው አታጣይን ትላለች፣ ወንድሜ ደግሞ ማታ አጥሩን ዘልዬ ገመዱን ቆርጬ ልልቀቀው ይላል።

ከመርካቶ
እህቴ ወንድምሽን ከልክዪው። እንደዛ ቆስሎ መንገድ ላይ ቢለቀቅ ወይ መኪና ይገጨዋል ወይ ሌሎች ውሾች ይጨርሱታል፣ ሰውየውም ሌባ ገባብኝ ቢሉ እውነታቸውን ነው። ደግሞ በጨለማ ቁስሉን ሲነካበት ይነክሰዋል፣ ያመመው እንስሳ ወዳጅ አይለይም።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
ይሄ ሳምንት ሚጠብቅ ነገር አይደለም። ሚሸት ከሆነ በስብሷል ማለት ነው፣ ዝንብ ካረፈበት ደግሞ እንቁላል ጥሎ በአንድና በሁለት ቀን ትል ይሆናል። ገመዱን ራሳችሁ ለመሳብ እንዳትሞክሩ፣ ስጋ ይዞት ስለሆነ ይደማል፣ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ነው ሚወጣው። ትሉን ይገድላል ብለው ቤንዚን ሚያፈሱ አሉ፣ ያቃጥለዋል እንጂ አያድነውም፣ በጭራሽ። ዩኒቨርሲቲው ግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጊቢ ውስጥ የእንስሳት ክሊኒክ አለ፣ ሄደሽ እንደፃፍሽው ንገሪያቸው። ስልክሽ ላይ ፎቶ ካለሽ አሳዪ፣ ከወሬ ይሻላል።

እስከዛው ውሃ በየቀኑ ይድረሰው፣ ካስፈቀድሽ በኋላ ማለቴ ነው። ምግብ ከሰጠሽው ትንሽ ትንሽ ሁለት ሶስት ጊዜ። ወጥ አትስጪው፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰባብሮ አንጀት ይወጋል። ገንፎ ወይም ሩዝ በስጋ መረቅ ይበቃዋል፣ መረቁ ሽንኩርት የሌለበት ይሁን።

የሁለት ልጆች እናት፣ አጂፕ
ልጄ ሐኪሙ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሐኪም ይዘሽ በሩ ላይ ብትቆሚ አዋረድሺኝ ብለው ይዘጉብሻል። እኔ ብሆን እናቴን ይዤ ባለቤታቸው ጋ ነው ምሄደው፣ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ቡና ተፈልቶ። ስለ ግርፋቱ አንዲት ቃል እንዳታነሺ፣ እሱን ካነሳሽ ነገሩ ስለ ልጃቸው ይሆንና ውሻው ይረሳል። "እትዬ ውሻው አንገቱ ላይ ታሟል፣ ማውቀው ሐኪም አለ፣ ወጪውን እኔ ልቻል፣ እናንተ ፍቀዱልኝ ብቻ" በዪ። ሰው ጥፋቱ ሲነገረው ይከራከራል፣ እርዳታ ሲቀርብለት ግን እምቢ ማለት ይከብደዋል። ሚስትየዋ እሺ ካለች እሳቸውን እሷ ታውቅበታለች።

ከፈረንጅ አራዳ
በዚህ አልስማማም ይቅርታ። ይሄ እኮ ወንጀል ነው፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ እንስሳን ያለ ምክንያት ማሰቃየት ከደንብ መተላለፍ ውስጥ ተቀምጧል፣ ያስቀጣል። ቀኑን እየፃፍሽ ፎቶ አንሺና ፖሊስ ጋ ሂጂ፣ ሁሌ ጎረቤት ጎረቤት እየተባለ ነው ምስኪን ሚያልቀው።

ከመርካቶ
ሕጉ አለ ወንድሜ፣ ግን ፖሊስ እስኪጠራ ውሻው ይሞታል። ፎቶውን ትያዝ፣ መጀመሪያ በቡና፣ እምቢ ካሉ በእድሩ ዳኛ፣ ከዛ ፖሊስ። ሰውየው ሙስሊም ከሆኑ መስጊድ ሚያከብሯቸው ሽማግሌ ቢነግሯቸው ደግሞ ይሰማሉ፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ በጫማው ቀድቶ ያጠጣውን ሰው ታሪክ ማያውቅ የለም። ያስቸግራል ብላችሁ ማዘጋጃ ቤት ብቻ እንዳትነግሩ፣ የውሻ ነገር እዛ ከደረሰ በመርዝ ነው ሚያልቀው።

ጠያቂ፣ ከኮቺ
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ከእናቴ ጋር ሄድን፣ እናቴ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፣ ፎቶውን ሳሳያት ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እትዬ ቡናውን ሳትጨርስ አለቀሰች። ከፋሲካ በፊት ትንሹን ልጅ እጁ ላይ ነክሶት ኖሯል፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ አብዷል ብለው ፈርተው ማንም አይጠጋውም፣ ምግቡንም ከሩቅ ነው ሚወረውሩለት። ለካ ፍርሀት ነው። ግርፋቱን ግን ፍርሀት ነው ብዬ አላልፈውም፣ እሱን አልረሳሁትም።

ሐኪሙ ትናንት መጣ። መርፌ ወግቶ ሲያስተኛው ጋሼ ራሳቸው ጭንቅላቱን ያዙለት። ገመዱ ሲወጣ ጣቴን ሚያክል ጎድጓዳ ነው የቀረው፣ ትል ነበረው። ሲነቃ አንድ ሳህን ውሃ ሳያቆም ጠጣ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ ያኔ ለነከሰው ልጅ አሁን ያሰጋል? ቁስሉ ሲድንስ በምን ይታሰር?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
እግዚአብሔር ይስጥሽ። የነከሰ ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ ተይዞ ቢሆን ኖሮ በ10 ቀን ውስጥ ይሞት ነበር፣ ይሄው ስንት ወር ቆመ፣ ስለዚህ በዛ ንክሻ አትስጉ። ወደፊት ማንንም ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዛው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፣ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፣ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ውሻውም ሲያገግም ክትባቱን ያግኝ፣ በየዓመቱ።

ቁስሉ እስኪድን አንገቱ ላይ ምንም አይሁን፣ ደረቱን በሚይዝ ሰፊ ጨርቅ ያዙት። ከዳነ በኋላ ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ፣ ሁለት ጣትሽ ከስሩ በደንብ ሚገባ፣ በየወሩ ጣትሽን እያስገባሽ ለኪው። ማታ ማታ በሩ ተዘግቶ ጊቢው ውስጥ ይፈቱት፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ነው ሌሊት ሚጮኸው። ለትልቁ ልጅም ይሄን ንገሪው፣ እንደ ምክር አድርገሽ።

ጠያቂ፣ ከኮቺ
እሺ፣ ነገ ጠዋት ቁስሉን ለማጠብ ስገባ እነግረዋለሁ።