አሸዋ ሲይዘኝ ንፋስ ልቀንስ ወይስ ጎማዬን ላትርፍ?

ሰላም ወገኖች። አፋር በረሃ የምትነዱ ሹፌሮች ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ከመቀሌ ተነስቼ በበርሃሌ በኩል እንግዶችን የጨው ሜዳው አጠገብ ወዳለችው መንደር ወደ ሐመድ ኤላ አደርሳለሁ። ግመሎች ጨው ጭነው የሚመላለሱበት የጥንቱ መንገድ ነው። ሥራውን ከልቤ እወደዋለሁ።

እስከ ሐመድ ኤላ ችግር የለም። መከራዬ የሚጀምረው ወደ እሳተ ገሞራው ወደ ኤርታ አሌ ስዞር ነው። ባለፈው ሳምንት ላንድክሩዘሬን አሸዋ ዋጠው። ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ይበልጥ ሰመጠ፤ ፍሪሲዮኑም (ክላቹም) መሽተት ጀመረ። መንገድ መሪያችን የአካባቢው ሰው ነው። ቃል ሳይተነፍስ ተንበርክኮ በእጁ ከጎማው ሥር አሸዋ ይዝቅ ጀመር። ከዚያ «ንፋስ ቀንስ» አለኝ። ከ35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ወደ 20 ሳወርደው ጎማው ጠፍጠፍ አለ፣ መኪናውም ቀስ ብሎ ወጣ።

ግን ትንሽ እንደሄድን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መጣ። እንደ ምላጭ ስለት አለው። የላላው ጎማ ጎኑ ተቀደደ። ትርፍ ጎማ ቀየርን፤ አንድ ብቻ ነበረኝ። እዚያ ደግሞ ጎሚስታ የሚባል የለም።

ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ብገዛ አራቱን ጎማ ይሞላልኛል? በዚያ ሙቀት አይቃጠልም? ወይስ 25 ላይ አድርጌ አሸዋውንም ድንጋዩንም ልለፍ?

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ አዛውንት ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። የአዛውንቱ አባት በዚህ መንገድ አሞሌ ጨው ጭነው ይመላለሱ ነበር። አዛውንቱን መንገድ ላይ ማስቀረት አልፈልግም። የሞከራችሁትን ንገሩኝ።